ዘጠነኛው ጥያቄ

ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለታይፒስቷ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ ጆሮሽን ይመልስልሽ። እስኪመልስልሽ ድረስ ግን፣ እኔ ስልክ ላይ ስጮህ አንቺ ‹‹ማን ልበል?›› እያልሽ ጎረቤት ከሚስቅብን ብዬ ይኸው በደብዳቤ መጣሁ። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች።

በደህና ደርሻለሁ። ቤታቸው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳውን አንኳኳሁት፤ ውስጡ ባዶ ነው! ካርቶን የመሰለ ነገር አልብሰው ቀለም ቀብተውታል። አርባ ስድስት ዓመት ድንጋይ የጠረብኩ ግንበኛ በስተርጅና ካርቶን ውስጥ ልተኛ? ለልጄ ብነግራት ‹‹እዚህ እንዲህ ነው የሚሠራው›› አለችኝ። የተኛሁበት ክፍል ማዕዘን ደግሞ በሁለት ጣት ተንጋዷል። ቱንቢ አልያዝኩም፣ ግን ዓይኔ ይበቃኛል። ይኼንንም ጻፊው ብያታለሁ።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የሰው አባቶችን አጥባና አልብሳ ስትመለስ ለኔ ሻይ ታፈላለች።

የልጅ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አጅሪት ብያታለሁ። የኛን ቋንቋ ትሰማለች ይላሉ፤ እኔ ስናገር ግን የምታየው እናቷን ነው። ትምህርት ቤት ፕሮጀክት ሰጥቷታል። ከውጭ አገር የመጡ ሦስት እንግዶች ፈልጋ፣ አገራቸውና ይኼ አገር በባህል በምን እንደሚለያዩ አሥር ጥያቄ ጠይቃ መልሱን ጽፋ ማምጣት አለባት። ሁለቱን ገና ትፈልጋለች። ሦስተኛው እኔ ነኝ! ወረቀቱ አናት ላይ ‹‹እንግዳ ቁጥር ሦስት›› ብላ ጽፋኛለች። አያት ነኝ እንጂ ምን እንግዳ ነኝ ብዬ ተቆጣሁ። ልጅቷ አልቀየረችውም። ‹‹በአውሮፕላን መጣ፣ በሦስት ወሩ ይመለሳል፣ ታዲያ እንግዳ ካልሆነ ምንድን ነው?›› አለች አሉ።

ልጄ ደህና ናት። ይኼንን ስል የምትጽፈው እሷው ናት፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

ወንድምሽ

ጥቅምት 27 ቀን

ለተከበርከው ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ሰላምና ጤና ካለህበት ቤት አይጥፋ፤ ጉልበትህንም አምላክ ያጽናልህ። ደብዳቤህ በአሥራ ሁለት ቀኑ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ላንተ ብዬ፣ አንዴ ለእጅ ጽሑፏ ብዬ። ልጅ ሳለች እኔ እንዳስተማርኳት ነው እስካሁን የምትጽፈው።

የሰው ግድግዳ ማንኳኳትህን ተው። ስድስተኛ ፎቅ ድረስ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣልህ ማን አለ? ቤትህን በየሁለት ቀኑ አያለሁ። ጣሪያው ሥር ድመት ወልዳለች፤ እስክትመጣ አላስነሣትም። ከሥርህ የሠሩት ግንበኞች መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ‹‹ጋሼ መቼ ነው የሚመጡት? የሚሰድበን አጥተን ሥራችን ተበላሸ›› ይሉኛል።

ጋሼ፣ አውቶቡስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን የነገርከኝን አልረሳሁም። ‹‹በመጀመሪያው ቀን፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ እሰጣታለሁ›› ነበር ያልከው። ይዘህላት የሄድከውን ሰጠሃት ወይ? ደብዳቤህ ውስጥ ብፈልግ ብፈልግ ግድግዳ እንጂ ሌላ ነገር አጣሁ።

አንቺም ልጄ፣ ይኼንን የምታነቢለት አንቺ ነሽና፣ በሁለት እጄ አቅፌ ስሜሻለሁ።

እህትህ

ኅዳር 12 ቀን

ለእህቴ፤

ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥሽ። የዚህን ደብዳቤ እጅ አታውቂውም። የሚጽፍልኝ የአገራችን ሰው ነው፤ ፀጉር ቆራጭ ነው፤ ሱቁ ከልጄ ቤት ሁለት መታጠፊያ ነው። ሰላምታውን ሊያረዝመው ብዕሩን ሲያሾል ‹‹አሳጥር፣ ነገሩ ነው ረጅም›› አልኩት።

‹‹ሰጠሃት ወይ?›› ብለሽ ጻፍሽ። ያነበበችልኝ እሷ ናት! ‹‹ምንድን ነው እሱ አባባ?›› አለችኝ። ‹‹አክስትሽ አርጅታለች፣ ትቀባጥራለች›› አልኳት። አልሰጠኋትም፣ እህቴ።

ፀጉር ቆራጩ እዚህ ላይ ብዕሩን አቁሞ ‹‹ምኑን ነው ያልሰጧት?›› አለኝ። ብታውቂውም ለሱ የነገርኩትን አንቺም ስሚው።

ልጄ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልትሄድ ስትል ‹‹ከዚህ በር ከወጣሽ ልጅ የለኝም›› አልኳት። ወጣች። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ። እናቷ ስሟን ቤት ውስጥ እንዳትጠራ ከለከልኳት። በአሥራ አንደኛው ዓመት ሚስቴ ስትሞት እህቴ በሬ ላይ ቆማ ‹‹ለልጅቷ ልንገራት›› አለችኝ። ‹‹ልጅ የለኝም ብያለሁ፤ ለማን ነው የምትነግሪው?›› አልኩ። ልጄ አምስት ወር ሙሉ ለሞተች እናቷ ሰላምታ ስትልክ ኖረች። አምና ‹‹አባባ ይምጡና የልጅ ልጃቸውን ይዩ›› ብላ ጻፈች። እኔ ይዤላት የመጣሁት ግን ‹‹ይቅር በይኝ›› የሚለውን ቃል ነው። እዚህ አገር ሌላ ሥራ የለኝም።

‹‹ይኼ እንዲህ እንዳለ ይጻፍ?›› አለኝ ፀጉር ቆራጩ። ‹‹የተናገርኩትን ጻፍ፣ እንዳታለሰልሰው›› አልኩት።

አሁን የአጅሪትን ነገር ልንገርሽ። እሁድ ዕለት ሦስታችን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለ ሆቴል ሄድን። አጅሪት ወረቀቷን ይዛ ሻንጣ የሚጎትተውን ሁሉ ታስቆማለች። ስድስቱ አለፏት። ሰባተኛው የድልድይ መሐንዲስ ነኝ አለና ቆመላት። ስምንተኛዋ ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ናት፤ እህቷን ልትጠይቅ ከሩቅ አገር የመጣች። ልጄ አጠገቤ ቆማ የሚሉትን ትነግረኛለች። ሰው ሰላም የምትሉት እንዴት ነው፣ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል ወይ፣ ያጠፋ ልጅን የሚቆጣው ማን ነው፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። ዘጠነኛው ‹‹በአገራችሁ ሰው ሲበድል ይቅርታ የሚጠይቀው እንዴት ነው?›› ይላል። መሐንዲሱ ሳቀ። ‹‹እኛ አንናገርም። ቤቱ ሄደን የተበላሸ ነገር እንጠግንለታለን፣ በዚያው ያልፋል›› አለ። አሮጊቷ ግን መጀመሪያ ወንበር ፈለገች። ተቀመጠችና ‹‹በኛ አገር ፊት ለፊት ነው የሚባለው። እኔ ግን እህቴ ያለችበት ከተማ ከገባሁ አሥር ቀኔ ነው፤ የማድረው ይኸው ሆቴል ነው›› አለች።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገባንና ተራዬ ደረሰ። አጅሪት ከጠረጴዛው በዚህ ወገን፣ እኔ በዚያ፤ ልጄ መሐል ሆና የታጠበ ካልሲ ታጣምራለች። ልጅቷ ትጠይቃለች፣ እናቷ ትተረጉማለች፤ እኔ እመልሳለሁ፣ እናቷ ትተረጉማለች። ድንጋይ እንዴት እንደሚጠረብ እንደ ወፍጮ ስፈጭ ቆየሁ፤ ልጄ እንደ ማስነጠስ አንዴ አለችና ጨረሰች። ‹‹ሁሉንም ነገርሻት?›› ብላት ‹‹ዋና ዋናውን›› አለችኝ።

ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ ካልሲውን ማጣመር አቆመች። ጥያቄውን ነገረችኝና ጠበቀችኝ። አየሽ፣ ፈጣሪ ራሱ በልጅ አፍ በሩን ከፍቶልኛል። እኔ ምን አልኩ? ‹‹በኛ አገር አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም።››

ስለ አባት ማን ጠየቀኝ? ማን አነሣው? አርባ ስድስት ዓመት ሠራተኛ ያዘዝኩበት አፌ ነው የቀደመኝ።

ልጅቷ ‹‹ምን አለ? ምን አለ?›› ትላለች። ልጄ ቃል በቃል ተረጎመችላት። ከዚያ ካልሲዎቹን እቅፍ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። አንዷ ካልሲ ወለሉ ላይ ወድቃ ቀረች፤ ጎንበስ ብዬ ማንሣት አቃተኝ።

መልሱን በዚህ ሱቅ አድራሻ ላኪልኝ። የምመለሰው ታኅሣሥ 26 ቀን ነው።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 3 ቀን

ለወንድሜ፤ በፀጉር ቆራጩ እጅ

ፈጣሪ ልብ ይስጥህ። ሌላ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት፤ ስድብ ብቻ እየሆነብኝ።

አንተ ሰው፣ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረህ የሄድከው ያንኑ ልትደግምላት ነው? እዚሁ ሆነህ ልትላት አትችልም ነበር? ትኬቱ ባልባከነ!

ይኸው ደግሞ ስድብ ሆነ። ልተወውና አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። እኔም ንጹሕ አይደለሁምና።

ሚስትህ ‹‹ገበያ ደርሼ ልምጣ›› ስትልህ የምትመጣው ቢሮዬ ነበር። እሷ ትናገራለች፣ እኔ በታይፕ እመታለሁ፤ ለልጅቷ እንልካለን። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። ስትሞት አንተ አትንገሪ አልክ። ልጅቷ ግን መጻፏን አላቆመችም፤ ‹‹እናቴ ለምን ዝም አለችኝ?›› ትላለች። ጋሼ፣ ከሞተች በኋላ ሁለት ደብዳቤ በሷ ስም ጻፍኩ። ‹‹ደህና ነኝ ልጄ፣ ብርዱ ነው የያዘኝ፣ አታስቢ›› እያልኩ። የምትለውን አውቀዋለሁ፤ አነጋገሯ በጣቴ ገብቷል። የከለከልከው አንተ ነህ፣ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

በአምስተኛው ወር አልቻልኩምና እውነቱን ነገርኳት። የሞተችበትን ቀን ቆጥራ ‹‹የእናቴ የሆኑት የትኞቹ ናቸው?›› ብላ ጠየቀችኝ። ለይቼ ነገርኳት። ይቅር በይኝ አልኳት። ሁለት ዓመት ዝም አለችኝ። በሦስተኛው ዓመት የልጇን ፎቶ ላከችልኝ፤ ያለ አንዳች ቃል፣ ፎቶ ብቻ። ይቅር ብዬሻለሁ ብላኝ አታውቅም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኋት።

ስለዚህ እሷ ምን ትለኝ ይሆን እያልክ አትጠብቅ። ምንም ላትልህ ትችላለች። አንተ ግን ተናገር፣ ጋሼ። አንድ ነገር ሳትናገር ብትመለስ፣ እውነቴን ነው፣ ጣቢያ መጥቼ አልቀበልህም።

እህትህ

ታኅሣሥ 15 ቀን

ለእህቴ፤

አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽን ፀጉር ቆራጩ አነበበልኝ። ሚስቴ ቢሮሽ ትመጣ ነበር ያልሽውን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ከገበያ ባዶ ዘንቢል ይዛ ትመለስና ‹‹ምን ሆነሽ ነው?›› ስላት ‹‹ተወደደ›› ትለኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተወደደ! እኔም አምኜ ነጋዴ ስሰድብ ኖርኩ። አልተቆጣሁሽም። ማንን እቆጣለሁ?

ሐሙስ ዕለት ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ጠራ። የልጆቹ ሥራ በሙሉ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ያ ግድግዳ ጡብ ነው፤ ደህና ሠርተውታል። የአጅሪት ወረቀት መሐል ላይ ነው። የመሐንዲሱ፣ የአሮጊቷ፣ ከዚያ የኔ ፎቶ፤ ኮፍያዬን እንዳደረግሁ። ልጄ እንደ ማስታወቂያ አነበበችልኝ። ዘጠነኛው ላይ ‹‹በእንግዳ ቁጥር ሦስት አገር አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም›› ይላል።

አስተማሪዋ መጥታ እጄን ጨብጣ ፈገግ እያለች አንድ ነገር አለች። ‹‹ምን አለች?›› አልኳት ልጄን። ‹‹በጣም አስገራሚ ባህል ነው አለች።››

እህቴ፣ የኔን ጥፋት ያገር ባህል አድርገው ግድግዳ ላይ ለጠፉት! የማላውቃቸው አባቶችና እናቶች እየቆሙ አንብበውት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አባታችን እኔን ያለ ጥፋቴ መትቶኝ ነበር፣ አንድ ጊዜ፣ ለጠፋ መዶሻ። መዶሻው ሲገኝ ሥራ ቦታ ድረስ መጥቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ ‹‹በድዬሃለሁ›› ብሎኛል። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ አታስታውሺውም። አገር አይደለም እንዲህ የሆነው። እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ልገነጥለው እጄን ሰነዘርኩ። አጅሪት ‹‹የኔ ነው!›› አለችኝ፣ በኛው ቋንቋ። ከመጣሁ ጀምሮ በቀጥታ ለኔ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ነው። እጄን አወረድኩ።

ቤት ስንመለስ ወጥ ቤት ውስጥ እኔና ልጄ ብቻችንን ቀረን። ‹‹ልጄ›› አልኳት። ‹‹አቤት አባባ›› አለችኝ፤ ዞር ብላ አየችኝ። ‹‹ቧንቧው ያንጠባጥባል›› አልኩ። ‹‹አውቃለሁ›› አለች።

እንግዲህ ይኼው ነው። የቀረኝ አሥራ አንድ ቀን ነው።

ወንድምሽ

(ከጸሐፊው ከፀጉር ቆራጩ፦ እናቴ፣ ሳላውቅዎት በመሐል ገባሁ፣ አይቀየሙኝ። ከዚህ በኋላ ለወንድምዎ አልጽፍላቸውም ብያቸዋለሁ። የሚጽፍላቸው ሰው ቤታቸው አለ። ‹‹አንተ ማን ነህና!›› ብለው ጺማቸው ግማሹ ሳይላጭ ተነሥተው ሄደዋል።)

ታኅሣሥ 19 ቀን

ለእህቴ ለታይፒስቷ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ያንቺን ሰላምታ ደግሞ በአካል እቀበላለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የምትጽፈው ልጄ ናት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ‹‹ተቀመጪ፣ ለአክስትሽ ደብዳቤ አለኝ›› አልኳት።

ለሷ ልናገር ስል ቧንቧ ነው ከአፌ የሚወጣው። ላንቺ ግን መናገር አያቅተኝም። ስለዚህ ላንቺ እናገራለሁ።

ልጄ የሄደች ቀን እኔ ጓሮ የአጥሩን ግንብ እሠራ ነበር። ታውቂያለሽ፣ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ነው ያልሸኘኋት። በግንቡ ማዶ የእግሯን ድምፅ ሰማሁት። ቆመች። ድንጋይ መደርደሬን አላቆምኩም፤ እንዲያውም መዶሻውን አበረታሁት። ከዚያ ሄደች። ያን ቀን የደረደርኩት እስከ ዛሬ ተንጋዶ ቆሟል። ሰው ሲጠይቀኝ ‹‹ተማሪ የሠራው ነው›› እላለሁ። ተማሪ አይደለም የሠራው።

ይኼን ደግሞ ላንቺም ነግሬሽ አላውቅም። ሚስቴ በመጨረሻው ቀን ልጇን በስሟ ጠራች። የከለከልኩትን ስም፤ ሦስት ጊዜ። አጠገቧ እኔ ብቻ ነበርኩ። ‹‹ትመጣለች›› ማለት ይቻል ነበር። ‹‹ልኬባታለሁ›› ብሎ መዋሸትም ይቻል ነበር። እኔ ‹‹ውሃ ትፈልጊያለሽ?›› አልኳት። ራሷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

አሁን የልጄ ብዕር ቆሟል። እጠብቃታለሁ።

ቀጠለች።

ልጄን በድያታለሁ። እናቷን እንዳትቀብር፣ እንዳታለቅስላት አድርጌያለሁ። ባህል አይደለም፣ ያገሬ ሥርዓት አይደለም፤ በገዛ አፌ ያደረግሁት ነው። ይቅር በይኝ እላታለሁ። ግዴታ የለባትም። ብዬ እንደነበር ግን አንቺም እሷም እወቁልኝ። ጨርሻለሁ።

አባቷ፣ ወንድምሽ

አክስቴ፣ ከዚህ በታች ያለው የኔ ነው። አባባ ‹‹ጨርሻለሁ›› ካሉ ቆይተዋል። ጠረጴዛው ማዶ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እጄን ያያሉ። ማንበብ ስለማይችሉ እሳቸው ያሉትን ገና እየጻፍኩ ይመስላቸዋል። ብዕሩን ካስቀመጥኩ ግን አንድ ነገር መመለስ አለብኝ፣ የምመልሰውንም አላውቀውም። ይቅር ብያለሁ ብላቸው ውሸቴን ነው። አልቻልኩም ብላቸው ደግሞ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ የቀራቸውም ሰባት ቀን ነው። እናቴ ሦስት ጊዜ ጠራችኝ አሉ። እስከ ዛሬ ሳትጠራኝ የሞተች ይመስለኝ ነበር። አሁን ‹‹ረጅም ነው እንዴ?›› ብለው ጠየቁኝ። ‹‹አዎ አባባ፣ ትንሽ ይቀረኛል›› አልኳቸው። ‹‹ጻፊ፣ ጻፊ፣ አልቸኩልም›› አሉ። ገጹ ሊሞላ ነው። ልጄን ሌላ ወረቀት አምጪልኝ ብያታለሁ።